ክበቡ አለ፣ ሰዓቱ የለም፦ በጎጃም የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጓዳኝ ክበባት ነገር

በአንድ የምሥራቅ ጎጃም የገጠር ትምህርት ቤት የርእሰ መምህሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ በማርከር የተሰመረ ትልቅ ሠንጠረዥ ተለጥፎ አይቻለሁ። ተራ ቁጥር፣ የክበቡ ስም፣ የአባላት ብዛት ወንድ፣ ሴት፣ ድምር፣ የተጠሪ መምህሩ ስም፣ በመጨረሻም «ምርመራ» የሚሉ ዓምዶች አሉት። ወደ ታች ሲነበብ ቀይ መስቀል፣ ፀረ ኤድስ፣ ሥርዓተ ጾታ፣ አካባቢ ጥበቃ፣ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር፣ ፀረ ሙስና፣ ሚኒ ሚዲያ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ትራፊክ ደኅንነት፣ ባህልና ቱሪዝም፣ ስፖርት፣ የተማሪዎች ፓርላማ እያለ 14 ላይ ይቆማል። የአባላቱ ብዛት 30፣ 40፣ 50 እያለ ያለ ሽርፍራፊ ይሄዳል፤ የአንዳንዱ መምህር ስም ሦስት ቦታ ይደጋገማል። «ምርመራ» የሚለው ዓምድ ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው። ከቢሮው ስወጣ በረንዳ ላይ ያገኘኋትን የ8ኛ ክፍል ተማሪ የየትኛው ክበብ አባል እንደሆነች ብጠይቃት ወደ ጓደኛዋ ዞር ብላ አየችና «የቀይ መስቀል መሰለኝ፤ ስም ሲጻፍ አልነበርኩም» አለችኝ።

የጎጃምን ትምህርት ቤቶች የሚያውቅ ሰው በዚህ አይገረምም። ጉዳዩ በስብሰባ ላይ ሲነሣ «ክበባት ተዳክመዋል፣ ይጠናከሩ» ተብሎ ይታለፋል፤ በየሩብ ዓመቱ ሪፖርትም «ክበባትን ማጠናከር» የሚል ተግባር ሳይጻፍ አይቀርም። እኔ ግን ክበባቱ የተዳከሙት በመብዛታቸው እንጂ በማነሳቸው አይደለም፣ ጉድለቱም የሰዓት እንጂ የትጋት አይደለም ባይ ነኝ። አንድ ክበብ ነፍስ የሚዘራው ሁለት ነገር ሲያገኝ ነው፤ አንደኛው በሳምንቱ ውስጥ ማንም የማይነካው ሰዓት ነው፣ ሁለተኛው ልጆቹ የሠሩትን ለማየት ወይም ለመስማት የሚጠብቅ ሰው ነው። እነዚህ በሌሉበት የ14ቱ ክበባት ዝርዝር «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ከሚባለው አያልፍም።

ነገሩን በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ላይ አተኩሬ የማየው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ያለው ሁሉ አንደኛ ደረጃ ይባል ነበር፤ አሁን በሥራ ላይ ባለው አደረጃጀት ግን እስከ 6ኛ ያለው አንደኛ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለው ሁለተኛ ደረጃ ሆኗል። ልጁ ወደ መካከለኛ ደረጃ የሚገባው የ6ኛ ክፍልን ክልል አቀፍ ፈተና አልፎ ነው፣ የሚወጣውም አባትና እናት ዛሬም «ሚኒስትሪ» የሚሉትን የ8ኛ ክፍል ፈተና ተፈትኖ ነው። በሁለት ፈተና መካከል የተጨነቁ ሁለት ዓመታት ናቸው ማለት ይቻላል። ደግሞም ዕድሜው ከባድ ነው፤ ዘግይቶ ትምህርት የጀመረው ልጅ 15 እና 16 ዓመት ይሞላዋል፣ ወንዱ ለእርሻ ጉልበቱ ይፈለጋል ወይም ከእኩዮቹ ጋር ወደ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ መሄድ ያምረዋል፣ ሴቷን ደግሞ ሽማግሌ ሊጠይቃት የሚመጣበት ጊዜ ነው። አንድ ልጅ በትምህርት ቤት መቆየትን የራሱ ጉዳይ አድርጎ የሚይዘው ወይም የሚተወው በዚህ ወቅት ስለሆነ፣ ከመማሪያ መጽሐፉ ውጭ ወደ ግቢው የሚስበው ነገር መኖር አለመኖሩ እንደ ትርፍ ነገር ሊታይ አይገባውም።

ታዲያ 14 ክበብ ከየት መጣ? ክበባት በትምህርት ቤት ውስጥ የተማሪው ፍላጎት ወልዷቸው የተቋቋሙበት ጊዜ ጥቂት ነው። አብዛኞቹ ከውጭ የመጡ ናቸው፤ የኤች አይ ቪ ወረርሽኝ አገሩን ባስጨነቀበት ጊዜ ፀረ ኤድስ ክበብ በየትምህርት ቤቱ ተቋቋመ፣ የፀረ ሙስና ሥራ ሲጠናከር የሥነ ምግባር ክበብ መጣ፣ የመንገድ አደጋ ሲበዛ የትራፊክ ክበብ ተጨመረ። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ልጆች የሚደርስበትን መንገድ ሲፈልግ ያገኘው ትምህርት ቤቱን ነው፤ ሐሳቡ ክፉ አይደለም። የአንዱ ገንዘብና ሥልጠና ሲቋረጥ ግን ክበቡ አልፈረሰም፣ ስሙ በዝርዝሩ ላይ ቀርቶ ሌላው በላዩ ተደረበ። ዛሬ ስምንት ወይም ዐሥር መምህር ባለው ትምህርት ቤት ሙሉ የሳምንት ድልድሉን የሚያስተምር፣ የክፍል ኃላፊነት ያለበት፣ ከዚያ በላይ የሦስት ክበብ ተጠሪ የሆነ መምህር ማግኘት ብርቅ አይደለም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ ይህ ሰው ሦስት እንዲወጣ ነው የተጠየቀው።

በዚህ ላይ ክበቡ የሚለካበት መንገድ አለ። ሱፐርቫይዘሩ አጎራባች ትምህርት ቤቶችን ከሚያስተባብረው ከጉድኝት ማእከሉ ሲመጣ ወይም የኢንስፔክሽን ቡድን ትምህርት ቤቱን ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ለመመደብ ሲገባ የሚያየው ፋይል ነው፤ ዓመታዊ ዕቅድ፣ የአባላት ስም ዝርዝር፣ ቃለ ጉባኤ፣ ሪፖርት። አንድ ጊዜም ቢሆን ያልተሰበሰበ ክበብ አራቱንም ሊያሟላ ይችላል። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ የአንድ ክበብ ጸሐፊ ተብዬ ነበር፤ በዓመቱ ውስጥ የሠራሁት ሥራ ቢኖር የአራት ስብሰባ ቃለ ጉባኤ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በሁለት ዓይነት ቀለም እስክሪብቶ፣ ቀኑን እያለያየሁ መጻፍ ነበር። እጽፈው የነበረው ውሸት መሆኑን ያን ጊዜ አላሰብኩትም፤ ጽሑፌ ጥሩ ነው ተብዬ መመረጤ ብቻ ነው የታወቀኝ። የሥነ ምግባር ክበብ ነበር።

የሰዓቱ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ይብሳል። ክበብ ይሰበሰብበታል ተብሎ የሚጻፈው ሰዓት ብዙውን ጊዜ አርብ ከሰዓት ወይም ቅዳሜ ጠዋት ነው። ገጠር ውስጥ ግን ከትምህርት ቤቱ እስከ ቤቱ አንድ ሰዓት ተኩል የሚሄድ ልጅ ደወሉ እንደተደወለ መውጣት አለበት፤ ከብቱን የሚመልስ፣ ውኃ የሚቀዳ ይጠበቃል። ከተማ ውስጥ ትምህርቱ በፈረቃ ስለሆነ አንዱ ፈረቃ ሲወጣ ሌላው ክፍሉን ይረከባል። ቅዳሜ ደግሞ በብዙ ወረዳ የገበያ ቀን ነው፤ ገበያ ባይሆን እንኳ በማካካሻ ትምህርትና በቱቶሪያል ተይዟል። ይህ የቱቶሪያል ነገር ባለፉት ዓመታት እጅግ የጠነከረው በከንቱ አይደለም፤ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ከሆኑ በኋላ ድንጋጤው ከላይ ወደ ታች ወርዶ 7ኛ ክፍል ደርሷል። ወላጅም መምህርም ባዶ የተገኘን ሰዓት ሁሉ ለሒሳብና ለእንግሊዝኛ ጥያቄ መለማመጃ ማድረግን መረጠ። ድንጋጤው ይገባኛል። የማይገባኝ ግን ከሳምንቱ ሁሉ አንድ 40 ደቂቃ ለቅቆ ልጁ ራሱ አስቦ የሚሠራው ነገር መስጠት የፈተናውን ውጤት ይጎዳል የሚለው ስሌት ነው፤ ማንበብና መጻፍ ያቃተው ተማሪ ብዙ ጊዜ የጎደለው የሚጽፍበት ምክንያት ነውና።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው ሚኒ ሚዲያ ነው። ከክበባቱ ሁሉ በእውነት የሚሠራው እርሱ ብቻ የሆነበት ትምህርት ቤት ብዙ ነው፤ ምክንያቱን ለማወቅ አንድ የዕረፍት ሰዓት ቆሞ ማየት ይበቃል። ያየሁት አንዱ የድምፅ ማጉያው ከመምህራን ማረፊያ ክፍል መስኮት ላይ ተሰቅሎ ገመዱ በጨርቅ የተጠመጠመ ነበር። የ7ኛ ክፍል ልጅ ማታ ከሬዲዮ ሰምታ በደብተሯ የገለበጠችውን ዜና ታነባለች፤ ወንዱ ልጅ እንቆቅልሽ ይጠይቃል፣ የመለሰ እስክሪብቶ ይሸለማል። በገበያው ማግስት ደግሞ ገበያ የዋሉት ልጆች ያመጡት የጤፍ፣ የበርበሬና የሽንኩርት ዋጋ ይነገራል። ዋጋው ሲነበብ ሻይ የያዙት መምህራን ወሬያቸውን አቋርጠው ሲያዳምጡ አይቻለሁ፤ ልጅቷ አንዱን ዋጋ ብትሳሳት በረንዳው ላይ «ኧረ እንዲያ አይደለም!» የሚል አይጠፋም። እዚህ ክበብ ውስጥ ሰዓቱ የታወቀ ነው፣ የሚያደምጥም አለ፣ ስሕተትም ወዲያው ይታረማል። ማንም «ይጠናከር» ሳይለው የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

ጎጃም ይህን ነገር ከዘመናዊው ትምህርት ቤት በፊት ያውቀዋል። በጎንጅ፣ በዋሸራ፣ በዲማ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ተማሪው የቀኑን ሰፊ ክፍል የሚያሳልፈው ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ አይደለም፤ ከዛፍ ሥር ወይም ከወንዝ ዳር ብቻውን ሆኖ ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም የራሱን ቅኔ ሲያዘጋጅ ይውላል። ጀማሪው ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ይነሣል፣ ከዚያ ወደ ዘአምላኪየ ይሸጋገራል። ዋናው ነገር ግን የቅኔ ነገራው ሰዓት ነው፤ ቀን የቆጠረውን ይዞ የኔታ ፊት ይቀርባል፣ የኔታ ይሰማሉ፣ ያርማሉ፣ አንዳንዴ አንድ ቃል አንሥተው ሌላ ሲተኩለት ቀኑን ሙሉ የለፋበት ነገር ሌላ መልክ ይይዛል። ልጁ ሲቆጥር የሚውለው ማታ የሚነግራቸው ሰው ስላሉ ነው። ያንን ሥርዓት እንዳለ አምጥተን እንትከል ማለቴ አይደለም፤ የቆሎ ተማሪ ረኀብና ውሻ ያውቃል፣ ሴቶች ልጆችም ከጥቂቶች በቀር በዚያ በር አልገቡም፣ እነእማሆይ ገላነሽ ሐዲስን የመሰሉ የቅኔ መምህርት ከጎጃም መውጣታቸው ሳይዘነጋ። ነገር ግን ከክፍል ውጭ የሚሠራ ሥራ ቋሚ የማስረከቢያ ሰዓት ከሌለው እንደማይሠራ የኔታ ያውቁ ነበር፤ የእኛ የክበብ መመሪያ ይህንን አላወቀም።

የሴቶች ክበብን በተመለከተ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ እዚሁ ጎጃም ውስጥ የተሠራ ሥራ አለ። ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. በሞሰቦ ቀበሌ «ብርሃነ ሄዋን» የተባለ የሙከራ ፕሮግራም በክልሉ የወጣቶችና ስፖርት ቢሮና ፖፑሌሽን ካውንስል በተባለው ዓለም አቀፍ የጥናት ድርጅት አማካይነት ተካሂዶ ነበር። ልጃገረዶች በተወሰነ ቀንና ሰዓት በቡድን እየተሰበሰቡ፣ ከአካባቢው የተመረጠች አንዲት ትልቅ ሴት እየመራቻቸው ፊደል፣ ስለ ጤናቸውና የእጅ ሥራ ይማሩ ነበር፤ ትምህርት ቤት ላሉት ደብተርና እስክሪብቶ ይሰጥ ነበር፤ ቤተሰቡም በፕሮግራሙ ጊዜ ልጅቷን ላለመዳር ተስማምቶ እስከ መጨረሻው ከጸና የቤት እንስሳ ይሰጠው ነበር። ውጤቱ ሲገመገም ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት የሞሰቦ ልጃገረዶች ፕሮግራሙ ካልደረሰበት የማነጻጸሪያ ቦታ እኩዮቻቸው ይልቅ በትምህርት ገበታ ላይ የመገኘት ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ፣ የማግባት ዕድላቸውም ወደ አንድ ዐሥረኛ ወረደ። ግምገማው ግን ሌላም ነገር አሳይቷል፤ ከ15 እስከ 19 ባሉት ዘንድ ጋብቻ አልቀነሰም፣ እንዲያውም ከማነጻጸሪያው ቦታ በልጦ ተገኝቷል። ይህ ማለት በአመዛኙ ጋብቻው ገፋ ማለት ነው፣ ቀረ ማለት አይደለም። ቢሆንም በ12 ዓመቷ ልትዳር የነበረች ልጅ 16 እስኪሞላት ብትቆይ 7ኛና 8ኛ ክፍልን ትጨርሳለች፤ ያ ትንሽ ነገር አይደለም።

በእርግጥ ደብተሩና የቤት እንስሳው ምን ያህሉን፣ ስብሰባው ምን ያህሉን እንዳመጣ ለይቶ መናገር አይቻልም። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ካለው የሥርዓተ ጾታ ክበብ ጋር ሲነጻጸር ግን ልዩነቱ ግልጽ ነው። እዚያ መሪዋ ልጅቷ ስትቀር ቤት ድረስ ሄዳ ትጠይቃለች፤ እዚህ ክበቡ የሚታወሰው የካቲት መጨረሻ ላይ የሴቶች ቀን ሲከበር ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች አንዲት ጠባብ ክፍል ለይተው ሞዴስ፣ ሳሙናና ውኃ በማስቀመጥ ልጃገረዶች በወር አበባ ጊዜ ከትምህርት እንዳይቀሩ ሲያደርጉ ታይቷል፤ ከማንኛውም የግድግዳ መፈክር ይልቅ የዚያች ክፍል ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ ማወቃቸው ነው የሚጠቅማቸው።

የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ችግር ደግሞ የራሱ የሆነ፣ ብዙም የማይነገር ነው፤ ችግሩ የቀን መቁጠሪያው ነው። የችግኝ ዘር የሚዘራው በበጋው ነው፣ በሚያዝያና በግንቦት ሐሩር ውኃ ይፈልጋል፣ የሚተከለው ሐምሌ ላይ ነው። ትምህርት ቤት ደግሞ በሰኔ ፈተና ይጠመዳል፣ ሐምሌና ነሐሴ ይዘጋል። ስለዚህ የክበቡ ሥራ ፍሬ የሚያፈራበት ወቅት ክበቡ የሌለበት ወቅት ነው፤ የሚተከለውንም ችግኝ ብዙ ጊዜ መኪና ከወረዳ ያመጣዋል፣ ልጆቹ ለፎቶ ይያዙታል። በነገራችን ላይ የብዙ ትምህርት ቤት የውስጥ ገቢ ከግቢው ባሕር ዛፍና ሣር ሽያጭ ስለሚገኝ፣ ባሕር ዛፍ አፈር ያደርቃል የሚለውን ፖስተር የሚያሠራው ገንዘብ ከባሕር ዛፉ የወጣ መሆኑ አንዳንዴ ፈገግ ያሰኘኛል። ልጆቹ ግን በዚህ ነገር ከእኛ አያንሱም። በአዊ፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ፣ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ እየተከለ ከሰል የሚያወጣበት ኑሮ ከተስፋፋ ቆይቷል፤ የዚያ አገር የ7ኛ ክፍል ልጅ ስለ ችግኝ አፈር ቅልቅልና ስለ ጥላ ከተጠሪ መምህሩ በላይ ሊያውቅ ይችላል። ከጮቄ ተራራ ሥር ያለ ልጅም የመሬቱን አሲዳማነት በመጽሐፍ ከማንበቡ በፊት አባቱ ገብሱ እንደከዳው ሲናገር ሰምቷል። ለአንድ የሳይንስ ክበብ ከዚህ የተሻለ ሥራ አላውቅም፤ በግቢው ጥግ ሁለት ትንንሽ መደብ ቆፍሮ በአንዱ አሲዱን የሚያለዝበውን ኖራ ቀላቅሎ፣ ሌላውን እንዳለ ትቶ፣ ሁለቱም ላይ ገብስ ዘርቶ በየሳምንቱ ቁመቱን መለካት። መለኪያው ማስመሪያ ነው፣ መመዝገቢያው ደብተር ነው፣ ውጤቱን የሚጠብቀው ደግሞ የልጁ አባት ነው።

ስፖርት ራሱን ችሎ ይሄዳል፤ ኳስ ካለና ሜዳው ካልታረሰ ልጆቹ ቀስቃሽ አያስፈልጋቸውም። በጉድኝት ውድድር ጊዜ የሚታየው መነቃቃት ለሌሎቹም ትምህርት ይሆናል፣ ምክንያቱ አሁንም ያው የታወቀ ቀንና የሚጠብቅ ተመልካች ነው።

ስለ ክበብ ማውራት ዛሬ ቅንጦት ነው የሚል ይኖራል፣ ሳያስበውም አይልም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በተስፋፋው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ተጎድቷል፤ ከትምህርት ገበታ የራቁት ልጆች በሚሊዮን ይቆጠራሉ። በሩ በተከፈተበት ቦታም ወላጅ ልጁን በጊዜ ቤቱ ማግኘት ይፈልጋል፣ ከሰዓት በኋላ ቆይታችሁ ተሰብሰቡ የሚል መምህር ኃላፊነት መውሰድ ይከብደዋል። ይህ ግን ክበብን በትምህርት ሰዓት ውስጥ ለማስገባት ሌላ ምክንያት ነው እንጂ ክበብን ለመተው ምክንያት አይሆንም። ሁለት ዓመት ቀርቶ የተመለሰ የ16 ዓመት ልጅ ከ13 ዓመት ልጆች ጋር 7ኛ ክፍል ሲቀመጥ በሒሳቡ ከእነርሱ ያንስ ይሆናል፤ መደብ በመቆፈር፣ ድምፅ ማጉያ በመጠገን፣ የቡድን አምበል በመሆን ግን ይበልጣቸዋል። ያ ልጅ ከሚያፍርበት ክፍል ወጥቶ የሚከበርበት አንድ ሰዓት በሳምንት ካገኘ በሚቀጥለው ሰኞ ተመልሶ የመምጣቱ ዕድል ይሰፋል ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ለውጡ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይመስለኝም፤ የሚጠይቀው መቀነስን ነው። 14ቱ ክበብ ወደ አራት ቢወርድ፣ የፀረ ኤድሱ፣ የቀይ መስቀሉና የትራፊኩ መልእክት በሚኒ ሚዲያው ቢነገር፣ ፀረ ሙስናውና ሥነ ምግባሩ ከዜግነት ትምህርቱ ጋር ቢዋሐድ፣ ለእያንዳንዱ ቀሪ ክበብ አንድ መምህር ብቻ ቢመደብና ያ መምህር በምትኩ ከሳምንት ድልድሉ አንድ ክፍለ ጊዜ ቢቀነስለት፣ ሱፐርቫይዘሩም ፋይሉን ከመጠየቁ በፊት መደቡን ወይም የሚኒ ሚዲያውን ዝግጅት ቆሞ ቢያይ፣ አሁን ካለው ያነሰ ወረቀትና የበለጠ ሥራ ይገኛል። መሥሪያ ቤቶቹ ስማችን ጠፋ ብለው ቅር ይላቸው ይሆናል። ክረምቱን በተመለከተ ደግሞ ችግኙን ሐምሌና ነሐሴ የሚጠብቀው ያው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው፤ አባላቱ ከአቅራቢያ መንደር ተራ ገብተው ቢያግዙትና ለእርሱም ከሣሩ ሽያጭ ጥቂት ቢታሰብለት ሌላ ዝግጅት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ይህ ሁሉ የሚወሰንበት ቀን ግን አጭር ነው። በመስከረም መጀመሪያ፣ ምዝገባው ሳያልቅ፣ አንድ መምህር ከምክትል ርእሰ መምህሩ ጋር ጠረጴዛ ላይ ትልቅ ወረቀት ዘርግቶ፣ በእርሳስና በላጲስ፣ የሳምንቱን የክፍለ ጊዜ ድልድል ይሠራል። ሒሳብ ጠዋት እንዲሆን፣ አንድ መምህር በአንድ ሰዓት ሁለት ክፍል እንዳይደርሰው ሲያስተካክል ሁለት ሦስት ቀን ይፈጅበታል፤ ከዚያ በኋላ ወረቀቱ በእስክሪብቶ ይደምቅና ይለጠፋል። በዚያ ወረቀት ላይ አንዲት ሳጥን ውስጥ «ክበብ» የሚል ካልተጻፈ፣ በጥቅምት የሚጠራ ስብሰባ ሰዓት አያገኝለትም።